መብራት ሲጠፋ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ኮምቦልቻ ላይ ለሚታሰብ የብረት ፋብሪካ የአካባቢ ተፅዕኖ አያያዝ፣ ደረጃ በደረጃ

ፋብሪካው ገና ወረቀት ላይ ከሆነ ይህን ማንበቢያው ጊዜ አሁን ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ የአካባቢ ጥበቃ ሐሳብ ሁሉ ውድ ነው። ቦይ ለማዞር ወለል መስበር አለ። ገንዳ ለመጨመር ቦታ አይገኝም። ባለሀብቱም በዚያ ሰዓት ኪሱ ባዶ ነው።

የምጽፈው ኮምቦልቻ ላይ የብረት ማቀነባበሪያ ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው፣ ፕሮጀክቱን ለያዘ ኢንጂነርና «አንተ የአካባቢ ጥበቃውን ያዝ» ተብሎ ገና ለተቀጠረ ወጣት ነው። የፋብሪካው ጎረቤት ለመሆን የተቃረባችሁም ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ታዩበታላችሁ። ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለውሃው ነው። ጭሱን ሁሉም ያየዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጮህበታል። ውሃው ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።

1. «ብረት ፋብሪካ» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ሰነድ የሚበላሸው እዚህ ነው። ውድቅዳቂ ብረት አቅልጦ ፌሮ የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። የመጣለትን ቢሌት (ገና ያልተሠራ ረጅም የብረት ብሎክ) አሙቆ የሚዳምጥ አለ። ላሜራ አጥፎ ቱቦላሬ የሚሠራ አለ። ቆርቆሮ ወይም ሽቦ አሲድ ውስጥ አጥቦ ዚንክ የሚነክር አለ። ጣጣቸው ይለያያል። የአቅላጩ ጣጣ ጭስና አቧራ ነው። የዚንክ ነካሪው ደግሞ አሲድና ውሃ። ላሜራ የሚያጥፈው ከሁሉም ይቀላል፤ ዋናው ጣጣው ድምፅና ዘይት ነው።

አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርጉ። ከግራ የሚገባውን ጻፉ፦ ብረት፣ አሲድ፣ ዚንክ፣ ኖራ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ። ከቀኝ የሚወጣውን፦ ምርት፣ ጭስ፣ አቧራ፣ ያረጀ አሲድ፣ መለቅለቂያ ውሃ፣ ዝቃጭ፣ ቅርፊት፣ ድምፅ፣ ሙቀት። መጠኑን በቀን አስቀምጡ። የገባውና የወጣው ካልተመጣጠነ የሆነ ነገር ረስታችኋል ማለት ነው። የሚረሳው ደግሞ ሁልጊዜ ቆሻሻው ነው እንጂ ምርቱ ተረስቶ አያውቅም።

2. ቦታውን በእግር ሂዱበት

ካርታ ጥሩ ነው። ጫማ ግን ይበልጣል። ከታሰበው ቦታ ተነሱና ዝናብ የሚሄድበትን ፈፋ ተከትላችሁ ቁልቁል ውረዱ፤ ቦርከና እስክትደርሱ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሀረጎን የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ቦርከናም ከደሴ በኩል ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ሲደርስ የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው። ኮምቦልቻ ላይ እንደ ለዮሌ ያሉ ትናንሽ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ይቀላቀሉታል። እነዚህ ወንዞች በጨርቃ ጨርቅ፣ በቢራ፣ በቆዳና በብረት ፋብሪካዎች አጠገብ የሚያልፉ ናቸው። ከዚህ በፊት የተደረጉ ጥናቶችም ውሃው ውስጥ ክሮሚየምና ዚንክ አግኝተዋል፤ ክሮሚየሙ ከቆዳ ሥራ፣ ዚንኩ ከብረት ሥራ። ከዚያ ወዲያ ቦርከና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። በጨፋ በመስኖ ይታረሳል፤ በበጋ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብት ይወርድበታል። መጨረሻው አዋሽ ነው።

ስለዚህ እናንተ ለወንዙ የመጀመሪያ እንግዳ አይደላችሁም። እዚህ ላይ ነው መነሻ መረጃ የሚያስፈልገው። ሥራ ሳትጀምሩ ወንዙ ምን እንደሚመስል ካልለካችሁ ነገ የሁሉም ኃጢአት በእናንተ ይለጠፋል። መከራከሪያም አይኖራችሁም።

ቢያንስ አራት ቦታ ናሙና ውሰዱ፦ ከቦታችሁ በላይ፣ ፍሳሻችሁ በሚገባበት፣ ከዚያ በታች ውሃው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ፣ እና በአቅራቢያው ካለ የጉድጓድ ውሃ። አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ስለሚሞላ ሁሉም ነገር ቀጥኖ ይታያል። ክፉውን የምታዩት በበጋ ነው። ለብረታ ብረት የሚወሰደው ናሙና ንጹሕ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀርና ላብራቶሪው «ንጹሕ ነው» ይላችኋል።

የውሃውንም ብዛት ለኩ። መሣሪያ ከሌለ እንጨት ይበቃል። 10 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ገመድ ዘርጉ፣ ከላይ እንጨቱን ጣሉ፣ ሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። ወንዙ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ 4 ሲባዛ በ0.3 ሲባዛ በ0.5፣ 0.6 ይመጣል። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። በሰከንድ 510 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ።

3. የወረቀቱ መንገድ

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንድ ላይ ነው የሚነበቡት። የመጀመሪያው አዋጅ «ፈቃድ ሳታገኙ ሥራ አትጀምሩ» ይላል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም የግምገማው ማረጋገጫ ሳይቀርብለት የኢንቨስትመንት ፈቃድ መስጠት የለበትም። ያለ ፈቃድ የጀመረ፣ ወይም ሪፖርቱ ላይ የዋሸ፣ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ዛሬ ይህ ብር ለፋብሪካ ምንም አይደለም፤ እውነት ነው። ፋብሪካው ታሽጎ የሚቆምበት ወር ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ለማን ነው የምታስገቡት? በክልል ፈቃድ የሚሠራ ፕሮጀክት ወደ ክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። አዋጁ ግን ተፅዕኖው ከክልል ክልል የሚሻገር ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው ይላል። ቦርከና ደግሞ ከአማራ ክልል ወጥቶ አፋር ውስጥ አዋሽን ይቀላቀላል። ስለዚህ ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ከሆነ ይህን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በደብዳቤ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሪፖርቱ አልቆ «የእኛ ሥልጣን አይደለም» መባል በጣም ያናድዳል።

ከዚያ በጥናቱ ዝርዝር ተግባር ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ትስማማላችሁ፣ ጥናቱን ታስጠናላችሁ፣ ሪፖርቱን ታቀርባላችሁ። አዋጁ ለውሳኔው የሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው።

አማካሪ ስትቀጥሩ አንድ ነገር ልምከራችሁ። የድሮ ሪፖርቱን ተቀብላችሁ አንብቡ። አንድ ጊዜ በእጄ የገባ ረቂቅ ፋብሪካው «ከሐይቁ 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ይላል። ኮምቦልቻ ውስጥ የትኛው ሐይቅ? የታወቀው ሐይቅ ያለው ከደሴ ማዶ ነው። ሰውየው የሌላ ከተማ ሪፖርት ኮፒ ፔስት አድርጎ የቦታውን ስም ብቻ ቀይሮታል። ለዚያ ደግሞ ሙሉ ክፍያ ተከፍሎታል።

4. ሕዝቡን አነጋግሩ፤ በደንብ

ውይይት ማለት አዳራሽ ሰብስቦ ፓወርፖይንት ማሳየትና አቴንዳንስ ማስፈረም አይደለም። በወሎ ሰው የሚገኘው ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ላይ ነው። የቅሬውን ዳኛ ቀድማችሁ አናግሩ፤ ቀኑን እሳቸው ይምረጡት። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ጠዋትን ከቅዳሴ ጋር አታጋጩ። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው፤ ነጋዴው የለም። ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅለው ዝም የሚሉ ከሆነ ለብቻቸው ቡና ላይ አነጋግሯቸው። ከወንዙ ውሃ የሚቀዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። በከተማዋ ብቻም አትወሰኑ፤ ከታች ጨፋ ድረስ ያለው መስኖ ተጠቃሚ ይመለከተዋል።

በአንድ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ኢንጂነሮቹ የማጣሪያውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አብራሩ። ጥሩ ሥዕል ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ያ ገንዳ ወዴት ይገነፍላል?» አሉ። ኢንጂነሩ ወደ ሥዕሉ ዞረ። ሥዕሉ ላይ መልስ የለም። ፓምፕ እንጂ ጄኔሬተር አልተሳለም። እኔ ያን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በየፕሮጀክቱ እጠይቀዋለሁ።

የተባለውን ሁሉ በተባለበት ቃል መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። የማታደርጉትንም ጻፉ፤ ከነምክንያቱ።

5. አሲዱና ውሃው

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ዚንክ ከመነከሩ በፊት ዝገቱ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይነሳል። ከዚያ በውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ዚንክ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁለት ፈሳሽ ይወጣል፦ ያረጀው አሲድና መለቅለቂያው ውሃ። ሁለቱን በአንድ ቦይ አታገናኟቸው። ያረጀው አሲድ ጥቂት ነው ግን ኃይለኛ ነው። መለቅለቂያው ብዙ ነው ግን ቀጭን። ሲቀላቀሉ ብዙም ኃይለኛም ይሆናሉ።

ለምን እንደምጨነቅ በቁጥር ላሳያችሁ። ምሳሌ ነው። በሰዓት 3 ሜትር ኩብ መለቅለቂያ በቀን ለ16 ሰዓት ቢወጣ 48 ሜትር ኩብ ነው። በሊትር 100 ሚሊግራም ዚንክ ካለው በቀን 4.8 ኪሎ ዚንክ ይሄዳል። በ300 የሥራ ቀን 1,440 ኪሎ። አንድ ቶን ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዚንክ በዓመት ወደ ቦርከና ማለት ነው። በሊትር ወደ 2 ሚሊግራም ብታወርዱት በዓመት 29 ኪሎ አይሞላም። 2 ሚሊግራም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ የሚመክረው የዚንክ ጣሪያ ነው። ከታች ጎመንና ሽንኩርት ስለሚጠጣው ይህን ቁጥር ዒላማ አድርጉ።

መጀመሪያ ውሃውን ቀንሱ። ብረቱ ከአሲዱ ሲወጣ ዘንበል ብሎ ይንጠልጠልና ይንጠባጠብ፤ አንድ ደቂቃ ትዕግሥት ብዙ አሲድ ታድናለች። መለቅለቂያውን በአንድ ገንዳ ፈንታ በሦስት ተከታታይ ገንዳ አድርጉት። ብረቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ውሃው ወደ ኋላ ይመጣል። ንጹሑ ውሃ የሚገባው በመጨረሻው ገንዳ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ የውሃው ፍጆታ በብዙ እጥፍ ይወርዳል፤ ማጣሪያችሁም ያንሳል፣ ወጪውም።

ከዚያ ማጣሪያው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

- የሁለት ቀን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ገንዳ ሥሩ። ከላይ ላለው ምሳሌ 100 ሜትር ኩብ። አንዴ የበረታ አንዴ የቀጠነ ውሃ ማከም አይቻልም፤ መጀመሪያ ይቀላቀል።
- ዚንኩ እንዳይነጣ ክሮሜት (ክሮሚየም ያለበት ኬሚካል) የምትቀቡ ከሆነ ያን ውሃ ለብቻው ያዙ። መጀመሪያ ፒኤች 2 እስከ 3 ላይ በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት አደገኛውን ክሮሚየም ወደ ቀለል ያለው ቀይሩት። ይህን ዘልላችሁ ኖራ ብትጨምሩ ክሮሚየሙ አይወርድም። ከተቻለ ክሮሜት የሌለበትን አሠራር ምረጡና ከዚህ ሁሉ ተገላገሉ።
- ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ፒኤቹ 9 እስከ 9.5 እስኪደርስ። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ አሲድ አንድ ኪሎ ገደማ ውሃ ተጨምሮበት ዱቄት የሆነ ኖራ (ሃይድሬትድ ላይም) ይሄዳል። ከሥር አየር ይነፋበት።
- ዝቃጩ ይረፍ። ከላይ የጠራውን ውሃ ፒኤቹን ከ6 እስከ 9 መሃል አድርጋችሁ በመጨረሻ ገንዳ ያዙት። ሳይለካ አይለቀቅ። ከተቻለ ወደ መለቅለቂያው ይመለስ።

ሲሠራ በዓይን ይታወቃል። ውሃው ሲገባ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ኖራው ሲያገኘው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አየሩ ሲነፋበት ቀስ ብሎ ወደ ዝገት ቀለም ይዞራል። እዚያ ሳይደርስ ወደ ማረፊያው የላከ ሠራተኛ ቸኩሏል።

አንድ ወጥመድ አለ። በማውቀው አንድ ፋብሪካ የማታው ተረኛ «ኖራ ሲበዛ ይሻላል» ብሎ በአካፋ ይጨምር ነበር። ፒኤቹ 12 ገባ። ውሃው ጠዋት ኩልል ብሎ ጠርቶ ሁሉም ደስ አለው። ዚንክ ግን ተንኮለኛ ነው። ከ11 በላይ ሲሆን ተመልሶ ይሟሟል። ያ ኩልል ያለ ውሃ ዚንኩን ይዞ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ፒኤች መለኪያ በየሳምንቱ በማስተካከያ ፈሳሽ ካልተፈተሸ አላምንም። አካፋም ማጣሪያው ክፍል ውስጥ አላስቀምጥም።

ያረጀውን አሲድ ለየብቻ ታንከር አጠራቅሙ። ውስጡ ብረት ክሎራይድ ነው፤ ውሃና ፍሳሽ ለማጣራት ስለሚውል የሚገዛ ፈልጉ። ገዢ ከጠፋ ጥቂት በጥቂት ወደ ማጣሪያው ይገባል፤ በአንድ ሌሊት ግን አይደፋም። የአሲድ ገንዳዎቹ ሁሉ አሲድ በማይበላው ወለልና ግድግዳ ይከበቡ። ግድግዳው የትልቁን ገንዳ 110 በመቶ መያዝ አለበት። ሁሉም ነገር ጣሪያ ሥር ይሁን፤ የዝናቡ ቦይና የፋብሪካው ቦይ የትም ቦታ አይገናኙ። የኮምቦልቻ የነሐሴ ዝናብ ክፍት ገንዳ ካገኘ ማጣሪያችሁን በአንድ ከሰዓት ያጥለቀልቀዋል።

6. ጭሱ፣ ከዚያ በፊት ግን ውድቅዳቂው

የምታቀልጡ ከሆነ የጭሳችሁ ጥራት የሚወሰነው በር ላይ ነው። ቆራሌው ያመጣው ክምር ውስጥ ቀለም የተቀባ ብረት፣ ዘይት ያለበት የሞተር አካል፣ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ፣ ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ አለ። ፕላስቲኩና ዘይቱ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ነው። ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መለየት ሥራ ነው፤ ሰው መድቡለት፣ ቦታ ስጡት፣ ወለሉን ኮንክሪት አድርጉት።

ሁለት ነገር ከበር አይለፍ። የመጀመሪያው ያልፈነዳ ተተኳሽ ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር ውድቅዳቂ ስትገዙ ይህ ቀልድ አይደለም። የተዘጋ ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። የሚጠራጠሩትን ሳይነኩ ለፖሊስ መደወል ለበር ጠባቂውም ለለያዮቹም በሥልጠና ይነገር። ሁለተኛው የጨረር ምንጭ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሁዋሬዝ ላይ ከድሮ የሕክምና መሣሪያ የወጣ ኮባልት ከውድቅዳቂ ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆነ። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ የጨረር መለኪያ አጠገብ ሲያልፍ በአጋጣሚ ነው። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ከዚያ ጣጣ ጋር ሲተያይ እጅግ ርካሽ ነው።

ማቅለጫው ላይ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ኮፍያ ይገጠም፤ ከዚያ ጭሱን አሽከርክሮ ፍንጣሪውን የሚያስቀር ሳይክሎን፣ ከዚያ የጨርቅ ማጣሪያ። ሳይክሎኑን ለመቆጠብ ብላችሁ ብትተዉት ፍንጣሪው ጨርቁን ይበሳዋል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው አቧራ በሜትር ኩብ ከ20 እስከ 50 ሚሊግራም ባለው ውስጥ እንዲሆን የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ይላል። ለአሲዱ ጋዝ ደግሞ በውሃ የሚያጥብ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ የዚያም ውሃ ተመልሶ ወደ ቁጥር 5 ይሄዳል። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ሸለቆ ውስጥ ናት። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጭስ ወደ ላይ አይሄድላችሁም፤ ከመንደሩ ጋር ይተኛል። ማቅለጡን የምትጀምሩበትን ሰዓት ይህን አይታችሁ ምረጡ።

7. ደረቁ ቆሻሻ

ሁሉም ቆሻሻ ቆሻሻ አይደለም። የብረት ቅርፊት፣ የዚንክ አመድና ከገንዳው ሥር የሚወጣው የዚንክ ዝቃጭ ይሸጣሉ። ከቀለጠው ብረት ላይ ተገፎ ድንጋይ የሚሆነው ስላግ በላብራቶሪ ከተፈተሸ በኋላ ለመንገድ ሙሌት ሊውል ይችላል። የማጣሪያው ዝቃጭና የጨርቅ ማጣሪያው አቧራ ግን አደገኛ ቆሻሻ ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይገዛሉ። ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ውሃ የማያስገባ፣ የሚቆለፍ መጋዘን ሥሩላቸው። «ለግንባታ ሙሌት እንውሰደው» የሚል ደግ ጎረቤት አይጠፋም። አትስጡት።

8. ድምፅና መኪና

አጭር ነው። በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። ማሽኑ ላይ ሳይሆን የጎረቤት በር ላይ ቆማችሁ ለኩ። መቁረጫውንና ብረት ማራገፉን ከማታ ሰዓት አውጡት። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ተሳቢ የሚቆምበትን ቦታ በግቢ ውስጥ አስቡለት፤ አስፋልት ዳር አይደር።

9. ዕቅዱ ስምና ብር ይኑረው

የአካባቢ አስተዳደር ዕቅድ ሰንጠረዥ ላይ «ፋብሪካው ይከታተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዙት። ፋብሪካ አይከታተልም። የፈረቃ ኃላፊው ይከታተላል። በየመስመሩ የሥራ መደቡ፣ በየስንት ጊዜው፣ ስንት ብር፣ ብሩ ከየትኛው በጀት ይጻፍ። የሚለቀቀው ውሃ ፒኤች በየገንዳው፣ ዚንክና ብረት በየሳምንቱ፣ ወንዙ በአራቱ የመነሻ ቦታዎች በየሦስት ወሩ፣ የጭስ ማውጫው ቢያንስ በዓመት ሁለቴ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደጃፋችሁ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹን ለልምምድ ተቀበሉ። የራሳችሁን ልኬት ግን አልፎ አልፎ በሌላ ላብራቶሪ አስፈትሹ።

ናሙና የሚወሰደው ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው። ለጥገና በቆመበት ቀን የተወሰደ ናሙና አይቻለሁ። ውጤቱ በጣም ያምር ነበር።

የቅሬታ መዝገብ በር ላይ አስቀምጡ። በአዋጅ 300 መሠረት ማንም ሰው «እኔን ጎዳኝ» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ስለ ብክለት ማመልከት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሰው መጀመሪያ እናንተ ጋ ቢመጣ አይሻልም? መዝገቡ ላይ የተጻፈውን በሳምንት ውስጥ መልሱ፤ መልሱንም እዚያው ጻፉ።

10. አሲድ ከመግባቱ በፊት መብራት አጥፉ

ተከላው ሲያልቅ ገንዳዎቹን ሁሉ በንጹሕ ውሃ ሙሉ። አሲድ የለም፣ ዚንክ የለም። ፓምፖቹን አስነሱ፣ ውሃውን እንደ እውነተኛው ሥራ አዙሩት። ልክ ሞቅ ሲል ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዱት። ጄኔሬተሩ በስንት ሰከንድ ተነሳ? ካልተነሳ ማጠራቀሚያው ስንት ሰዓት ያዘ? የትኛው ቫልቭ ክፍት ቀረ? ሁለት ሰው አጥር ውጭ ፈፋው ላይ ይቁም፤ አንድ ጠብታ ካዩ ይደውሉ። ውሃው ከወጣ የወጣበትን አስተካክሉና እንደገና ሙሉ፣ እንደገና አጥፉ። አጥር ውጭ የቆሙት ሁለት ሰዎች «ደረቅ ነው» እስኪሉ።

የመጨረሻውን ሙከራ ስታደርጉ ከቅሬው ሰው ጥሩ። እንደዚያች እናት ያሉ ሰው ከተገኙ ማብሪያ ማጥፊያውን እሳቸው ያውርዱት።